«ትንሽ ቅመሱ»፦ ከጅዳ ኮርኒሽ እስከ ጀርወል የተደረገ የቅምሻ ጥናት

በአማርኛ «ትንሽ ቅመሱ» የሚለው ግብዣ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሐሰት ናቸው። ትንሽ የተባለው ትሪ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሣው ነው። ቅመሱ የተባለውም የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ብላ፣ «አፈር ስሆን» ብላ፣ ያም አልበቃ ሲል ጎረቤት ጠርታ እስክታስለምን ድረስ የሚዘልቅ ከባድ ሥራ ነው። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» የሚል ሰውም ስለ ምላሱ አይደለም የሚያወራው፤ ርቦታል። በዚህ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው መቅመስ ማለት መጥገብ እንደሆነ እያመነ ያድጋል። እኔም በዚህ እምነት ጸንቼ ኖሬ ነበር። አንድ ቀን ግን ጅዳ ላይ፣ ባሕር ዳር (ከተማዋን ሳይሆን ውሃውን ማለቴ ነው) በሚገኝ አንድ የተከበረ ምግብ ቤት ለቅምሻ ተጋበዝኩና እውነትም ቅምሻ ቀረበልኝ። ቃሉን በቀጥተኛ ትርጉሙ የሚጠቀሙ ሰዎች ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ይህ ጥናት የተወለደው ከዚያ ድንጋጤ ነው።

ነገሩ በሙያው ቋንቋ «ቴስቲንግ ሜኑ» ይባላል። በላተኛው ምንም አያዝም። የሚበላውን የሚወስነው ወጥ ቤቱ ነው፤ እሱም ስምንት፣ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም ከሃያ በላይ ሳህን ተራ በተራ ይልካል። በየሳህኑ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጉርሻ የሚሆን ነገር ይኖራል። ስፔን ውስጥ የነበረው የፌራን አድሪያ ምግብ ቤት ኤል ቡሊ እ.ኤ.አ. በ2011 እስኪዘጋ ድረስ በአንድ ማታ ሠላሳና አርባ ዓይነት ያቀርብ ነበር። ሳህኑ ይብዛም ይነስም ሂሳቡ አንድ ነው፤ እሱ በጉርሻ አይከፈልም።

ስለ ተመራማሪውና ስለ በጀቱ

ተመራማሪው የወሎ ሰው ነው፤ በሙያው ሹፌር። የሚኖረው መካ፣ ጀርወል፣ ከሐረም በእግር በሚደረስበት ሰፈር፣ ከአምስት የሀገሩ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ነው። ጀርወልን የማያውቅ አንባቢ ይህን ይያዝ፦ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መካ ከመግባታቸው በፊት ያደሩበትና የታጠቡበት የዚ ጡዋ ጉድጓድ የሚገኘው እዚሁ ሰፈር ነው። ጀርወል እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ ሰው ተጣጥቦ ወደ ትልቅ ቦታ የሚያልፍበት ስፍራ ነው። እኔም ወደ ጅዳው ምግብ ቤት ከመሄዴ በፊት ገላዬን የታጠብኩት እዚሁ ነው፤ ማነጻጸሬ ግን አይደለም።

በጀቱ የተገኘው ከከፊሌ ነው። (ከፊል አሠሪም ዋስም ነው። ቃሉ በአማርኛ ጆሮ ግማሽ ነገር ይመስላል፤ ሥልጣኑ ግን ሙሉ ነው።) ከፊሌ ለአራት ሰው ቦታ አስይዞ ነበር። ገንዘቡ አስቀድሞ ተከፍሏል፤ ሰው ቢቀር አይመለስም። በዕለቱ አንደኛው እንግዳ ታመመ። ከፊሌ መኪናው ውስጥ ሆኖ ስልኩን ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የምርምር ገንዘብ በአብዛኛው የሚገኘው በዚህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። ለወንበሬ የተከፈለው የወር ደሞዜን ሲሶ ያህል ነበር፤ ከላዩ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት። ይህ ታክስ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ሲጀመር 5 ከመቶ ነበር፤ በሐምሌ 2020 ሦስት እጥፍ ሆነ። በዚያ ማታ ካየሁት ነገር ሁሉ በመጠን ያደገው እሱ ብቻ ነው።

ጎማና ኮከብ

ምሁራን ስለ ምግብ ቤት ደረጃ ሲያወሩ ሚሸሊን የሚል ስም ያነሣሉ። እኔ ሚሸሊንን የማውቀው ከመኪናው ሥር ነው፤ ጎማ ነው። ነገሩን ሳጣራ አንድ ሆነው አገኘኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1900 አንድሬና ኤድዋር ሚሸሊን የተባሉ ወንድማማቾች ፈረንሳይ ውስጥ ጎማ ይሸጡ ነበር፤ በሀገሩ የነበረው መኪና ግን ሦስት ሺህ እንኳ አይሞላም። ሰው ካልነዳ ጎማ አያልቅም፤ ካላለቀ ደግሞ አዲስ የሚገዛ የለም። ስለዚህ ጎማ እንዴት እንደሚቀየር፣ ነዳጅ የት እንደሚገኝ፣ የት እንደሚበላና የት እንደሚታደር የሚናገር መጽሐፍ በ35 ሺህ ቅጂ አሳትመው በነጻ አደሉ። በ1926 ለምግብ ቤት ኮከብ መስጠት ጀመሩ፤ በ1931 ኮከቡ እስከ ሦስት ደረሰ። አንድ ኮከብ ያለው ቤት፣ ካለፍክበት ቁም የሚያሰኝ ነው። ሁለት ኮከብ ያለው መንገድ አጥፈህ ሂድ ያሰኛል። ሦስት ኮከብ ካለው ለሱ ብቻ ብለህ ከቤትህ ተነሣ ማለት ነው። ሹፌር የሆነ አንባቢ ምሥጢሩ ወዲያው ይገባዋል፦ ደረጃው የተመደበው ጎማ በሚያስጨርሰው ልክ ነው።

በ2025 ሚሸሊን ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ እንደሚመጣ፣ ሥራውንም ከሪያድና ከጅዳ እንደሚጀምር አስታወቀ። ጀርወል ላይ ዜናው እምብዛም አላስደነቀም። ለአንድ ነገር ብሎ ከዓለም ዳር ተነሥቶ መጓዝ ምን እንደሆነ የዚህ ሰፈር ሰው ከማንም በላይ ያውቃል፤ የሐጅና የዑምራ ተጓዦችን ሻንጣ ሲያወርድ ነው የሚውለው። ለወጥ ተብሎ ሲደረግ ግን አልሰማንም።

የበያይነቱ ጥያቄ

በዚህ መስክ ያልተፈታው ትልቁ ጥያቄ፣ እኛ በያይነቱ እያለን በቅምሻ እንዴት ተቀደምን የሚለው ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ፣ ድንቹ፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። በላተኛው «በያይነቱ» ከማለት በቀር ምንም አይመርጥም፤ የሚወስንለት ወጥ ቤቱ ነው። ምን ጎደለው?

መልሱ ያለው ፓሪስ ነው። ፈረንሳዮች እስከ 19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የግብዣ ምግብ እንደኛው ጠረጴዛ ሞልተው ባንድ ላይ ነበር የሚያቀርቡት። አንዱን አንሥቶ ሌላውን የማምጣትን ልማድ ያስተዋወቃቸው በዚያ የነበረው የሩሲያ አምባሳደር ልዑል አሌክሳንደር ኩራኪን እንደሆነ ይነገራል፤ አቀራረቡም እስከ ዛሬ የሩሲያ ይባላል። የዛሬው ቅምሻ የዚያ የልጅ ልጅ ነው። እንግዲህ በያይነቱና ቴስቲንግ ሜኑ የሚለያዩት በሰልፍ አያያዝ ብቻ ነው። በያይነቱ ላይ ወጦቹ ተቃቅፈው ይመጣሉ፤ የጎመኑ ውሃ የምስሩን ድንበር ይጥሳል፤ ቀይ ሥሩ ያልደረሰበት ቦታ የለም። ጅዳ ላይ ግን እያንዳንዱ ቅጠል የራሱ ሳህን፣ የራሱ መብራትና የራሱ ቃል አቀባይ አለው።

ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ ደግሞ ዶሮ ናት። የሀገራችን ባለሙያ ዶሮን 12 ብልት አድርጋ ታወጣለች፤ ድሮ አሥራ ሦስተኛ ያወጣች ወይም ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ያበላሸች ሙሽራ ሙያዋ ይታማ ነበር። ጅዳ ላይ የቀረበልኝም 12 ሳህን ነው። ቁጥሩ ድንገት የተገጣጠመ አይመስለኝም፤ ማስረጃ ግን የለኝም። ልዩነቱ የኛ ብልት አድራሻ ያለው መሆኑ ነው። ፈረሰኛው የማን እንደሆነ ዶሮዋ ሳትታረድ ይታወቃል፤ እጁን ወደዚያ የዘረጋ ልጅ ጺም ካበቀለ በኋላም ይነሣበታል። ጅዳ ላይ አድራሻ የለም። ለአራታችንም ያው ነገር በያው መጠን ደረሰን። በስደት በኖርኩባቸው ዓመታት ከከፊሌ ጋር እኩል ስለመሆኔ ያለኝ ብቸኛ ማስረጃ ያ ሳህን ነው፤ እሱንም ቶሎ አነሡት።

የመስክ ምልከታ

እስከ ታኅሣሥ 2019 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የሳዑዲ ምግብ ቤት ለቤተሰብና ለብቻቸው ለሚመጡ ወንዶች ሁለት በር እንዲኖረው ይገደድ ነበር። ግዴታው ስለቀረ ሁላችንም የገባነው ባንድ በር ነው። የሹፌር በር የሚባል ድሮም አልነበረም፤ ሹፌር የሚቀመጠው መኪና ውስጥ ነው።

አስተናጋጁ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ «የማይስማማዎት ነገር ይኖራል?» አለኝ። ከጎኔ የተቀመጠውን ከፊሌን አየሁና «የለም» አልኩ።

የመጀመሪያው ሳህን አንድ ተምር ነበረበት። አንድ። ፍሬው ወጥቶ በቦታው አንዳች ለስላሳ ነገር ተሞልቷል። ፍሬው የት ደረሰ ብዬ ጠየቅኩ፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ላዩ ላይ ተነስንሷል ተባልኩ። የዚህ ሀገር ሰው ተምር ሲያጎርስ ፍሬውን አንተ ነህ የምትጥለው፤ እዚህ አስጥለውህ መልሰው ያበሉሃል።

ሦስተኛው ሳህን ሳህን አልነበረም፤ ድንጋይ ነው። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ብርድ ብርድ የሚል ድንጋይ፤ ከላዩ እንደ ወንጪ ሐይቅ ደሴት ብቻውን የቀረ የምስር ቁልል አለ። እናቶቻችን ዕድሜያቸውን ከምስር ድንጋይ ሲለቅሙ አሳለፉ። እኔ ምስሩን ከድንጋዩ ላይ እንድለቅም ትንሽ ሹካ ተሰጠኝ። የትውልድ ለውጥ የሚባለው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አምስተኛው ጀሪሽ ነበር። የሳዑዲ የምግብ ጥበባት ኮሚሽን በጥር 2023 ጀሪሽን የሀገሪቱ ብሔራዊ ምግብ አድርጎ ሰይሞታል፤ ስለዚህ አስተናጋጁ ድምፁን ለወጥ አድርጎ ነው የጀመረው። ስንዴው እንዴት እንደሚከካ፣ ስንት ሰዓት እንደሚበስል፣ እርጎው መቼ እንደሚገባ፣ አያቶች በምን ዓይነት ድስት ይሠሩት እንደነበር ተረከ። እኔም በጥሞና ሰማሁ። ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ወሰድኩት። ቅንጬ ነው። እርጎ የገባበት፣ ላዩ ላይ ሽንኩርት የተጣለበት፣ ጥሩ የሆነ ቅንጬ። ለከፊሌ «ይህን እኛ ቁርስ ላይ እንበላዋለን» ልለው አሰብኩና ማታውን ላለማበላሸት ተውኩት።

ሰባተኛው ላይ ጢስ መጣ። በብርጭቆ ክዳን ታፍኖ መጥቶ ፊታችን ላይ ተከፈተ፤ ሌሎቹ ሦስቱ «ማሻአላህ» እያሉ ስልካቸውን አወጡ። ጢስ ማእድ ቤት ውስጥ ሲሆን «መስኮት ክፈቱ» ያሰኛል፤ ሳሎን ከገባ ግን ዋጋ ያወጣል። ጢሱ ሲጠራ ከሥሩ የጥፍር ጫፍ የምታህል ሥጋ ተገኘች። ተሰውራ የቆየችው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ስለ መጠጡ ማለፍ አይቻልም። በሌላው ዓለም ከየሳህኑ ጋር ወይን ይቀርባል። እዚህ ስለማይቻል ሻይ፣ የተጣራ የፍራፍሬ ውሃና የጽጌረዳ ነገር ይቀርባል፤ ሳያሰክር የሚያስከፍል መጠጥ ማለት ነው። ከሁሉም ጎላ ብሎ የተወራለት አንዱ ማርና ውሃ ነበር። ብርዝ! የወሎ ሙስሊም ሠርግ ላይ በጣሳ የሚዞረው፣ ከቀሪቦ ቀጥሎ ሕፃናት የሚሻሙበት ብርዝ። በእግረኛ ብርጭቆ፣ ሁለት ጣት በማይሞላ መጠን ተቀዳልኝ። አስተናጋጁ ምን እንደሚሸተኝ ሲጠይቀኝ «የአጎቴ ሠርግ» አልኩት። ጻፈው።

ሰዓት ይዤ ነበር። ከተምሩ እስከ መጨረሻው ጣፋጭ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ። ከዚህ ውስጥ በማኘክ የባከነው በጣም ጥቂት ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነበር። በሀገሬ ምግብ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይህን ያህል የሚወራው ዱዓ ሲደረግ ብቻ ነው፤ እሱም «አሚን» የሚባልበት ቦታ ስላለው ይሻላል።

አሁን ለጥናቱ የማይመች አንድ ግኝት መመዝገብ ግዴታዬ ነው። ጠገብኩ። እንደዚህ ያለ ጽሑፍ አንባቢ የሚጠብቀው ጸሐፊው ተርቦ ወጥቶ የተጠበሰ ዶሮ ፍለጋ ሲሮጥ ነው፤ በ1974 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ጅዳ የተጀመረው አልበይክ በራፍ ላይ ተሰልፌ ልገኝ ነበር። አልሆነም። አሥራ ሁለት ትንንሽ ነገር ሲደመር አንድ ትልቅ ነገር ይሆናል፤ በዚያ ላይ ዳቦው ሲጠየቅ ይደገማል። እኔ አራት ጊዜ ጠይቄያለሁ።

ስለ መዳፍ

የሀገራችን ሰው «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይላል። በዚህ ሕግ መሠረት ቴስቲንግ ሜኑ በአንድ ማታ 12 ጊዜ ጠብ መጫር ነበረበት። አልተጣላንም። ሳሰላስለው ምክንያቱ ተገለጠልኝ፤ ጉርሻ የሚያጣላው አጉራሽ ሲኖረው ነው። የሚጣሉት አጉራሹና ጎራሹ ናቸው፤ አንዱ «ድገም» ይላል፣ ሌላው «በቃኝ» ይላል፣ መጨረሻው እርቅ ነው፣ ማለትም ሁለተኛው ጉርሻ። ጅዳ ላይ እጅ የለም። ስለዚህ ቀመሩ እንደሚከተለው ሊጻፍ ይችላል፦ ጉርሻ ሲቀነስ እጅ፣ ሲደመር ማብራሪያ፣ ከላዩ 15 ከመቶ።

እጁ የት ሄደ? እዚህ ላይ ታሪክ መጥቀስ ግድ ነው። በድሮው ግብር አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ከብርሌው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ መርዝ የለበትም ለማለት። ሀገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦች ደጋግመው ጽፈውታል። ልብ በሉ፤ ቅምሻ የአሳላፊ ግዴታ ነበር እንጂ የጌታ ማዕረግ አልነበረም። ጌታ ይበላል፤ ሎሌ ይቀምሳል። ምግብ በገንዘብ መሸጡም ራሱ ነውር ነበር። የእቴጌ ሆቴል ሲከፈት ደፍሮ የሚገባ ሰው ስለጠፋ አጼ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው፣ በልተው፣ ከኪሳቸው ከፍለው እንዳስለመዱ ይነገራል። እንግዲህ ጌታው መጀመሪያ መክፈል ተማረ። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ እየከፈለ መቅመስ ጀመረ፤ የአሳላፊውን ሥራ በደሞዙ ገዛው።

አሳላፊዋ ግን ከሥራዋ አልተነሣችም። በመካና በጅዳ ባሉ ቤቶች ውስጥ ስንት ሺህ የሀገሬ ልጆች ማእድ ቤት እንደቆሙ ሁላችንም እናውቃለን፤ የማናውቀው ሰው እንኳ ቢያንስ የላኩለትን ቴሌቪዥን ያያል። በከፊሌም ቤት አንዲት አለች፤ እህቴ እላታለሁ። ረመዳን ሲገባ ከዙህር ሶላት በኋላ ትጀምራለች። ሾርባው አለ፤ ሳምቡሳው አለ፤ ፉሉ አለ፣ ተሚሱን እኔ ከዳቦ ቤት አመጣለሁ፤ በወተት የሚበስለው የሒጃዝ ሩዝ ሰሊቅ አለ፤ ሉቀይማት አለ፤ ኩናፋ አለ፤ ሱቢያ ይበረዛል፣ ቪምቶ ይቀዳል። እሷ ጾመኛ ናት። ጨው መጉደሉን ማን ይወቅ? የፊቅህ ሰዎች የሚያበስል ሰው ለችግሩ ሲል በምላሱ ጫፍ ነክቶ ቢተፋ ጾሙ አይፈርስም ይላሉ። እሷም ከጭልፋው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ በምላሷ ጫፍ ትነካለች፣ ትተፋለች፣ ትጉመጠመጣለች፣ ወደሚቀጥለው ድስት ታልፋለች። በአንድ ቀን ከአሥር በላይ ዓይነት፣ አንዱንም ሳትውጥ፣ ለሃያ ዘጠኝ ወይም ለሠላሳ ቀን፣ እንደ ጨረቃዋ። ከአፍ አልፎ ወደ ሆድ የማይወርድ ንጹሕ ቅምሻ ማለት ይህ ነው። ኤል ቡሊ እዚህ አልደረሰም። ሚሸሊንም እስካሁን በዚያ ማእድ ቤት በኩል አላለፈም፤ ምናልባት ጎማ ስለማያስጨርስ ይሆናል።

ለማነጻጸሪያ የተወሰደው ቡድን

ማንኛውም ጥናት ማነጻጸሪያ ያስፈልገዋል። እኔ ክፍሌን ወሰድኩ፤ ጀርወል፣ ስድስት ወንድ፣ አንድ ሱፍራ፣ አንድ ትሪ። ማብሰል በተራ ነው። ባለ ተራው ያበሰለውን የሚያብራራበት ዕድል የለውም፤ ማብራሪያው ራሱ «ዛሬ ደግሞ ምን አቃጠልክ?» ከሚል ጥያቄ ስለሚጀምር ዝምታን ይመርጣል። የአንድ ምሳ አማካይ ጊዜ 11 ደቂቃ ነው። በዚህ ውስጥ ትሪው ላይ ያልተጻፈ ድንበር አለ፤ ሁሉም ከፊቱ ይበላል፤ ሥጋው መሐል ላይ ነው፤ ሽማግሌያችን ሐጂ ሥጋውን በጣታቸው ፈልፍለው ወደየሰው ፊት ይገፋሉ። ለራሳቸው ሲገፉ ግን አንድም ቀን አልተመዘገበም።

ሌላ ምልከታ ከሐረም። በረመዳን ማግሪብ ሲቃረብ ረጅም ሱፍራ ይዘረጋል፤ ተምር፣ ዘምዘም፣ ገህዋ። አስፈጣሪዎቹ መንገድ ላይ ቆመው የማያውቁትን ሰው እጅጌ እየጎተቱ «ኧረ እኔ ጋ ተቀመጥ» ይላሉ። ጅዳ ላይ ገንዘብ ከፍለህ፣ ቀን ቆጥረህ፣ ወንበር ትለምናለህ፤ እዚህ ወንበሩ አንተን ይለምናል። አዛኑ ከተሰማ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ተበልቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ምንጣፉ ጸድቶ ለሶላት ይቆማል። ምን እንደበላህ የሚያብራራልህ ቢኖር እንኳ ጊዜ የለውም።

ከጅዳ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ፣ ከፊሌን አድርሼ ጀርወል የገባሁት ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ነው። ጀማዓው አልተኛም። ዜናው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ተርቦ ይመጣል ብለው ተወራርደዋል፤ ድርሻዬን በሌላ ሳህን ከድነው አስቀምጠዋል፤ ሩዝ፣ የዶሮ እግርና አዋዜ። «ጠግቤያለሁ» ስላቸው ተከፉ። አሥራ ሁለቱንም ሳህን በተራ ነገርኳቸው። ድንጋዩ ላይ ስደርስ አንዱ «ታጥቦ ነበር?» አለ። ጢሱን ስነግራቸው «ተቃጥሎባቸው ይሆናል» ብለው አዘኑላቸው። ቅንጬው ጋ ስደርስ የደሴው ልጅ «ስንት?» አለ፤ ዋጋውን ነገርኩት፤ ካልኩሌተሩን አውጥቶ ለአንድ ማንኪያ ስንት እንደሚደርስ አስልቶ ለማንም ሳያሳይ ዘጋው።

ሐጂ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና ክዳኑን አነሡ። «በል ልጄ፣ ትንሽ ቅመስ» አሉኝ። እንደ ተመራማሪ ሁለተኛ እራት የጥናቱን ውጤት እንደሚያዛባ አውቃለሁ። ግን «ቅመስ» ተብያለሁ። ሦስት ጉርሻ በሐጂ እጅ፣ አንድ በደሴው ልጅ፤ የቀረውን ራሴ ጨረስኩት። ስምንት ደቂቃ ፈጀ።

ግምገማ

ጥናት ከመውጣቱ በፊት በሙያው የታወቀ ሰው ሊያየው ይገባል። እኔም በማግሥቱ ከፊሌ ቤት ስደርስ ማእድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ለእህቴ አነበብኩላት፤ ማለትም ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። የገምጋሚዋ አስተያየቶች እንደሚከተለው ተመዝግበዋል። ስለ ተምሩ፦ «ፍሬውን መቁላት ምን አስቸኮላቸው።» ስለ ጀሪሹ፦ ቅንጬ መሆኑን እሷም ከዓመታት በፊት ደርሳበታለች፤ ለማማ (የቤቱን እመቤት የምትጠራት እንዲህ ነው) ግን አልተናገረችም። ስለ ጢሱ፦ ምንም። ስለ ብርዙ ትንሽ ፈገግ አለች። ጨዉ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ፤ ልክ ነበር አልኳት፤ በአሥራ ሁለቱም ልክ ነበር። ይህን ስትሰማ ቢላዋዋን አቆመች።

«እንግዲያው አንድ ሰው ቀምሶታል» አለች። «ሲቀምስ ያመሸ ሰው አለ። እሱስ በላ?»

አልጠየቅኩም። ማእድ ቤቱ በር ድረስ እንኳ አልሄድኩም። የጥናቱ ዋና ጉድለት ይኸው በመሆኑ ጥያቄው ለሚቀጥለው ምርምር ተላልፏል። ለዚያ ደግሞ ሌላ የሚታመም እንግዳ ያስፈልጋል። ከፊሌን ጠይቄው ነበር፤ ሁሉም ደህና ናቸው።